ማን ታመመ?

ፊሎሜና ኤድንብራ ተምራ፣ እዚያው ስድስት ዓመት ኮክቴል ስትቀምም ኖራ ወደ ትውልድ ደሴቷ ጎዞ ስትመለስ አክስቷ ቸንሳ ነገሩን አላስረዘሙባትም። ጉልበቴ ከድቶኛል፣ መጠጥ ቤቱን ለስልክ ሻጭ ላከራየው ነው አሏት። እስከ የካቲቱ ክብረ በዓል ወንበሮቹ ላይ ሰው ካስቀመጠች ግን ቁልፉ የእሷ ነው። የቀረው ዐሥራ ሁለት ቀን ነበር።

ካሩብ የተባለውን ዛፍ ጥቁር ፍሬ ቆልታ፣ ቀቅላ ሽሮፕ አወጣች። በጂን፣ በሎሚና በጦስኝ ማር አዋሐደችው፤ ከላይ የባሕር ጨው ነሰነሰችበት። ካሩብ የደሴቲቱ ነፍስ ነው የሚለውን ያነበበችው እዚያ ማዶ ነው። በስምንት ዓመቷ ከመሄዷ በፊት ቀምሳው ታውቅ እንደሆን ራሷን ብትጠይቅ ትዝ አላላትም።

መጀመሪያ የቀመሱት ናርዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ፣ በሩ አጠገብ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ያልጠጡትን በዚያ ቤት ማንም አይጠጣም። አንድ ጊዜ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ማን ታመመ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንዱ እናቱ አፍንጫውን ይዛ በማንኪያ ስታጠጣው የነበረችው ይህንኑ ነው አለ። ሌላው፣ «ለወገቤም የሚሆን ካለሽ ቅጂልኝ፣ ዶክተር» አላት። የካሩብ ሽሮፕ የሳል መድኃኒት መሆኑን ከደሴቲቱ ሰው ሁሉ ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ቸንሳ የስልክ ሻጩ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

በማግስቱ ጠዋት ናርዱ እየሳሉ ገቡ። ፊቷን አላዩም።

«ያቺ መድኃኒትሽ አለች? በረዶውን ተይውና አሙቂልኝ።»

አሞቀችላቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆዩ።

«ጁዛ ሎሚ አታበዛም ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ሚስታቸው ጁዛ ከሞቱ አራት ክረምት አልፏል። ፊሎሜና ሎሚውን ቀንሳ ሌላ ሠራች። ናርዱ አንጠፍጥፈው ጠጡና እስከ እኩለ ቀን አልተነሡም።

ከዚያ ወዲያ የሚገባው ሁሉ መጠጡን በስሙ መጥራት ተወ፤ ይስላል። አንዴ የሳለ ተራውን ነው የሚፈልገው፣ ሁለቴ የሳለ ጂኑ ይጨመርለታል። ይቀልዱባት ይሁን ይወዱላት ፊሎሜና እርግጠኛ አልነበረችም። ከመጽሐፍ የቃረመችውን ለባለቤቶቹ መልሳ እያቀረበች እንደሆነም ይሰማት ነበር። ቢሆንም ትቀዳለች።

የክብረ በዓሉ ዋዜማ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ከጓዳ አንድ ደረቅ ሳል ተሰማ። ሰው ሁሉ ወደ ጓዳው ዞረ። ጓዳ ውስጥ ጥንቸል የሚጠብሱት ቸንሳ ናቸው፤ ቸንሳ ደግሞ ጉንፋን የሚባል ነገር አያውቃቸውም።

ፊሎሜና አንድ አሙቃ፣ ሎሚ ቀንሳ ይዛላቸው ገባች። የስልክ ሻጩ ወረቀት ከመጥበሻው ሥር ተነጥፎ ዘይት ጠግቧል፤ ቁጥሩ አይነበብም።

ቸንሳ ቀመሱ።

«አሁንም ሎሚው በዝቷል» አሏት።