እንግዳ የጠፋበት ዝክር

በብሬስኮቫ መንደር ሰው ሁሉ ጋባዥ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። አያቶቻቸው በሙሉ ቅዱስ ኒኮላዎስን የቤታቸው ጠባቂ አድርገው ስለያዙ፣ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ሲደርስ አባወራው ሁሉ ሻማውን አብርቶ፣ የስንዴውን ንፍሮ በስኳር ለውሶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ እንግዳ ይጠብቃል። ለዝክር ጥሪ የለም፤ የወደደ ይመጣል። አባወራ ደግሞ ሻማው እየነደደ ከቤቱ መውጣት ነውር ነው። ታዲያ ሁሉም ቤቱ ከዋለ ማን ማን ጋ ይሂድ? ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ኦብራድ ነበራ!

የኦብራድ አባት ከተራራው ማዶ መጥቶ ሚስቱ አገር የቀረ ሰው ስለሆነ፣ የእነሱ ቤት የሚዘክረው ጊዮርጊስን ነው፤ እሱም የሚውለው በጸደይ ነው። ስለዚህ በኒኮላዎስ ቀን ከመንደሩ ሁሉ እጁን አጣጥፎ የሚውለው ኦብራድ ብቻ ነበር። ግን መች ቁጭ ይላል! ጫማውን ወልውሎ በጠዋት ይነሳና ከላይኛው ሰፈር ጀምሮ በር ለበር ይወርዳል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቀልዳል፣ የአሮጊቶቹን እጅ ይስማል፣ በየቤቱም የዚያን ቤት አሳ ከአገሩ አሳ ሁሉ ያስበልጣል። ሴቶቹ አንዳቸውም ሳይቀሩ አምነውታል።

ቲሆሚር ግን ይንገበገብ ነበር። የኦብራድ የአክስት ልጅ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ አደጉም እሱ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ መንደሩ ግርጌ ላይ ስለሆነ ኦብራድ የሚደርስለት ሆዱን ሞልቶ፣ ቀልዱን ጨርሶ፣ ዓይኑ ሊከደን ሲል ነው። "ለሥጋ ዘመዱ ትራፊውን!" ይላል ቲሆሚር ለሚስቱ ለስታኒያ። "እበላ ባይ!"

እበላ ባዩ በጥቅምት ሞተ። አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ሰው ሰብስቦ ቀልድ ሲያወራ ልቡ ቀጥ አለች፤ ያውም ቀልዱ ሳያልቅ። ቀብሩ ላይ የመንደሩ ወንዶች ከማልቀሳቸው ይልቅ የቀልዱ መጨረሻ ምን ሊሆን እንደሚችል መከራከራቸው በለጠ። ደግሞስ የልብ ወዳጁ ያልነበረ ማን አለ? "የሚወደው የእኔን የፕሪም አረቄ ነበር" አለ አንዱ። "ያንተንማ ለሳሉ ነበር የሚጠጣው" አለ ሌላው። ቄሱ ተቆጥተው ነው ዝም ያሰኟቸው። ስለ ታኅሣሥ ግን ማንም አላሰበም።

ታኅሣሥ መጣ። ስታኒያ አሳውን ጠበሰች፣ ቦሎቄውን ምድጃ ውስጥ አበሰለች፣ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ ዘረጋች። ልጆቻቸው ከቪየና ደውለው "ፈቃድ አላገኘንም" ብለዋል። ቲሆሚር ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ በሩ አጠገብ ቆመ። አባወራ በዝክሩ ቀን አይቀመጥም፤ ቆሞ ያስተናግዳል። የሚያስተናግደው ሰው ከሌለም ያው ይቆማል። እስከ ቀትር ቆመ።

"ኧረ ተቀመጥ" አለችው ስታኒያ።

"ተቀምጬ ሰው ቢመጣስ?"

"ማን ነው የሚመጣው? የሚመጣው ሰውዬማ አፈር ገባ።"

ቲሆሚር ልቡ ስንጥቅ አለ። በዝክሩ ቀን እንግዳ ያልረገጠው ቤት እንደ ሞተ ቤት ነው የሚቆጠረው። ነገ ሱቅ በር ላይ "ቲሆሚር ጋ ማን መጣ?" ተብሎ ሲጠየቅና ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ ገና ከአሁኑ ታየው። ከዚህ ውርደት አንድ እንግዳ፣ አንድ ብቻ፣ ቢያወጣው ምን ነበረበት!

ይባስ ብሎ ከፊት ለፊት ከራዴንኮ ቤት ሳቅና አኮርዲዮን ይሰማ ጀመር።

"እሱ ጋ ሰው አለ!" አለ ቲሆሚር። ቅናት አንገበገበው። ራዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ፣ ባዶ ወንበሮቹ ላይ ይጮህ ገባ። "ምነው ጎበዝ፣ ጠጡ እንጂ! ይሄማ ምኑ መጠጣት ነው! በሞቴ አንድ ብርጭቆ ድገሙ!" ከማዶ ሳቁ ጨመረ። ቲሆሚርም ጨመረ። ስታኒያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች።

"ብቻውን ነው" አለች።

"ማን?"

"ራዴንኮ ነዋ። አፉን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው የሚስቀው። ሚስቱ ደግሞ ሳህን ከሳህን ታጋጫለች።"

ያን ጊዜ ጆሯቸውን ቢጥሉ ከላይ ሰፈርም ሁካታ፣ ከመካከል ሰፈርም ዘፈን። መንደሩ በእንግዳ የተጨናነቀ ይመስላል። መንገዱን የሸፈነው በረዶ ላይ ግን አንድ የእግር ዱካ የለም።

ቲሆሚር እንጨት ላምጣ ብሎ ወጣ። ራዴንኮም በረዶ ልጥረግ ብሎ ወጥቶ ኖሮ መንገዱ መካከል ተገናኙ።

"እንግዶችህ እንዴት ናቸው?" አለ ራዴንኮ።

"ኧረ ተወኝ፣ መቀመጫ አጣሁላቸው። ያንተስ?"

"እግር ማሳረፊያ የለም።"

ራዴንኮ አካፋውን በረዶው ላይ ተከለ።

"እንግዲህ ከወጣህ አይቀር ለአንድ ብርጭቆ ጎራ በል" አለ ራዴንኮ።

"ምን ሲደረግ! አንተ ና እንጂ!"

"በሞቴ!"

"በእኔ ሞት!"

እጅጌ ለእጅጌ ተያያዙ። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይጎትታል። ተጋባዥ የሆነ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ማንም መሸነፍ አልፈለገም። መጨረሻ ላይ ራዴንኮ "ኦብራድ ይሙት ትገባለህ!" ብሎ ጮኸ።

"ሞቷል እኮ፣ አንተ ሰው!"

የራዴንኮ እጅ ላላ። "ሞቷል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሚስቴ ጓዳ ገብታ እያለቀሰች ነው፣ ቲሆሚር። ከጠዋት ጀምሮ በራችንን ያንኳኳ የለም።"

ቲሆሚር "የእኔስ በር መች ተንኳኳ!" ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዋጠው። ወደ ቤቱ ዞሮ "ስታኒያ፣ ሻማውን አደራ!" ብሎ ራዴንኮ ቤት ገባ።

የራዴንኮ ሚስት ኮሳራ ዓይኗን በሽርጧ ጠራርጋ አሳ አቀረበች። አሳው ጨው በዝቶበት አፍ ያቃጥላል። "ኮሳራ፣ እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ የት ይገኛል!" አለ ቲሆሚር፤ ራሱም ደነገጠ። የሴትዮዋ ፊት ግን ወዲያው በራ።

ሲወጣ የራዴንኮ ጎረቤት የሆነች ሴት በሯ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። "እነሱ ጋ ገብተህ እኔን ልታልፈኝ? ምን አጠፋሁ?" ገባ። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ደግሞ ቀጣዩ። ቀበቶውን አላላ። አንዱ ቤት ስለ ባለቤቱ ኩላሊት ጠጠር ሰማ፤ ሌላው ቤት አምና የሰማውን የላም ታሪክ እንደ አዲስ ሰምቶ መንጋጋው እስኪዝል ሳቀ። "ያንተ ቤትስ ዛሬ ማን አለ?" ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም። ሁሉም የተዘጋጁት እንዲበላላቸው እንጂ ሊጠይቁ አልነበረም።

ከሁለት ቤት መካከል አጥር ተደግፎ ቆመና እንባው መጣ። ለካ እንግድነት ሥራ ነው! ያ ሰውዬ ከዓመት ዓመት መንደሩን ሁሉ ተሸክሞ ይዞር ነበር። "አንተ ኦብራድ፣ ምነው ብትነግረኝ" አለ። "ምነው አንድ ቀን እንኳ ባግዝህ!"

ሲመሻሽ ወደ ቤቱ ወረደ። በሩ ላይ ያለው የራሱ የመውጫ ዱካ ብቻ ነው። በመስኮቱ ሲያይ ስታኒያ እሱ በቆመበት ቦታ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጠረጴዛው አልተነካም። ቲሆሚር እጁ መዝጊያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። አንኳኳ።

"ማነው?"

"እንግዳ ነኝ። ዝክር አለ ሲባል ሰምቼ ነው።"

ውስጥ ትሪ ሲነሣ ተሰማ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ ስታኒያ ንፍሮውንና ወይኑን በትሪ ይዛለች።

"እንኳን ደህና መጡ" አለችው። "ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!"

አማተበ፤ ከንፍሮው በማንኪያ ቀመሰና የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሳው ቀረበ። እስከ ጉሮሮው ሞልቷል፤ ግን በላ።

"ስታኒያ፣ አሳሽ ከሁሉም በለጠ።"

"ዛሬ ይህን ለስንት ሴት አልክ?"

"ለሁሉም።"

"ታዲያ እኔ በምን ልመንህ?"

"ለእነሱ ይህን ስላቸው ያንቺን ገና አልቀመስኩም ነበራ።"

ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅ ግን ለቅሶ ሆነ፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። "ኦብራድ በየዓመቱ ይለኝ ነበር" አለች። "አንተ ግን ከተጋባን ዛሬ ገና አልከኝ።"

ቲሆሚር ተነሥቶ ቆመ፤ ከአሳው ትልቁን ቁራጭ አንሥቶ ሳህኗ ላይ አደረገላት።

"ብዪ" አለ። "በሞቴ፣ ብዪልኝ።"