ሦስተኛ ፊርማ የሌለው ብልቃጥ

በባሕር ምርምር ጣቢያው ምድር ቤት ስድስት ሺህ ያህል ብልቃጦች ተደርድረው ነበር፤ ጠባቂያቸው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሥራዋ ቀላል ነው ቢሏችሁ አትመኑ። አልኮል ውስጥ የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ ሸርጣንና ትል ሁሉ በየዓመቱ ይጠማል፤ አልኮሉ በክዳኑ ሥር ሾልኮ ይተናል፤ እሷም በየመደርደሪያው እየዞረች ትሞላለች። እንዲህ ስታጠጣቸው ሠላሳ ዓመት ሞላት። «ለልጆቼ እንኳ ይህን ያህል አልለፋሁም» እያለች ትቀልድ ነበር። ልጅ ግን አልነበራትም።

የጣቢያው ነባር ሰዎች በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «የልጋጉ ልጅ» ነው የሚሏት። አባቷ በጣቢያው ጀልባ ላይ መረብ ጎታች ነበር። መረቡ ከጥልቁ ሲወጣ ሊቃውንቱ አጥንት ያለውን፣ ቅርፊት ያለውን፣ እግር ያለውን ይለቅማሉ። መረቡ ላይ የተለጠፈውን ዝልግልግ ነገር «ልጋግ» ይሉታል፤ እሱን በባልዲ ውሃ አጥቦ መድፋት የአባቷ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ «ይሄ ልጋግ አይደለም፤ እንስሳ ነው። መረባችን ነው የቦጫጨቀው» አለ። ሊቃውንቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ልጋጉ ሆነ።

የጣቢያው መሥራች፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው የባሕር ገደል ውስጥ አንዳች ሕይወት የለም ብለው አፋቸውን ሞልተው ያስተምሩ ነበር። ለዚህም ማስረጃ ያስቀምጡ ነበር። አፉ በገመድ የሚዘጋ ባልዲ እስከ ገደሉ ወለል ይወርዳል፤ የወጣው ውሃ በትልቅ ብልቃጥ ይገለበጣል፤ ፕሮፌሰሩ፣ መዝጋቢውና መረብ ጎታቹ ተራ በተራ ወደ መስኮት አዙረው ያዩታል። ደንቡ «ሦስት ዓይን» ይባል ነበር። ሦስቱም ምንም ካላዩ ወረቀቱ ላይ «ባዶ» ተብሎ ይጻፍና ይፈርማሉ፤ ክዳኑም በሰም ይታሸጋል። አባቷ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ፈረመ። በአርባኛው ላይ ግን፣ ሁለቱ «ባዶ» ብለው ከፈረሙ በኋላ፣ «አልፈርምም» አለ። ምን እንዳየ ሲጠይቁት በደንብ መናገር አልቻለም። በዚያው ሳምንት ከሥራ አባረሩት። ሠላሳ ዘጠኙ ብልቃጦች በእንጨት ሣጥን ተቆለፉ፤ አርባኛው ግን ቢታሸግም ጉዳዩ ስላላለቀ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

አባቷ ሊሞት ሲል እጇን ይዞ፣ «ያልፈረምኩበት አያሳስበኝም። የፈረምኩባቸው ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ» አላት። ሰው ሲሞት ብዙ ይናገራል ብላ ተወችው።

አሁን ጣቢያው ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። አዲሱ ኃላፊ፣ ገና ጢሙ በደንብ ያልበቀለ ዶክተር፣ የባሕር ሕይወት ሳይንስን ታሪክ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀ ነበር። ሰሌዳዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅለዋል። የመጀመሪያው፣ ሰዎች ብርሃን የማይደርስበት ባሕር ሙት ነው ይሉ እንደነበር ይናገራል። ሁለተኛው፣ የቴሌግራፍ ሽቦ ለጥገና ከጥልቁ ሲጎተት እንስሳት ተጣብቀውበት እንደወጡ። ሦስተኛው፣ መርከቦች ዓለምን እየዞሩ መረብ እንደጣሉ። የመጨረሻው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ካሜራ ወደ ጥልቁ ከወረደ በኋላ ነው ነገሩ የታወቀው። ለስላሳዎቹን እንስሳት መረቡ እየቦጫጨቀ ያወጣቸው፣ ሊቃውንቱም እንደ ቆሻሻ አጥበው ይደፏቸው ነበር።»

ይህን አንብባ ስትጨርስ ቀጥ ብላ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ ይህን ከካሜራው በፊት የተናገረ ሰው አለ። አባቴ ነው። ስሙ ሰሌዳው ላይ ይግባልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ደስ ይለኛል» አለ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። «ግን ወሬ ሰሌዳ ላይ አይወጣም። ማስረጃ አለዎት?»

«አርባኛው ብልቃጥ አለ።»

ኃላፊው ግንባሩን አሻሸ። «ባዶ የተባሉትን ሠላሳ ዘጠኝ ብልቃጦች ለኤግዚቢሽኑ ልጠቀምባቸው እያስደፋሁ ነው። ሦስቱ ዛሬ ጠዋት ተደፍተዋል። አርባኛው ሦስተኛ ፊርማ ስለሌለው ነው ያቆየሁት። እርስዎ ይዩትና ይፈርሙ። የሆነ ነገር ካለበት ስሙን በትልቁ አስጽፈዋለሁ። ከሌለበት ግን ይደፋል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል።»

ተስማማች። ምን ምርጫ አላት? ግን አንድ ያልነገረችው ነገር ነበር። በየዓመቱ ብልቃጥ ስትሞላ የፈሳሹን ልክ በእርሳስ ታሰምራለች። የሌሎቹ መስመር ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። የአርባኛው ግን፣ ማንም ሳይከፍተው፣ ሰሙ ሳይነካ፣ በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሠላሳ መስመር፣ አንዱ ካንዱ በላይ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የልጋጉን ልጅ ማን ያምናል?

ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን ታቅፋ ወደ ላይ ስትወጣ ጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃው ላይ ያዘቻት።

«አንቺ፣ ላቦራቶሪ ያለው ሲንክ ተደፍኗል! ጠዋት ውሃ ደፍተውበት አልወርድ አለ። ልጋግ በልጋግ ሆኗል። ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩልኝ ብል ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለችና አለፈች። ሐሳቧ ሁሉ ብልቃጡ ላይ ነበር።

ኃላፊው ቢሮው ውስጥ መጋረጃውን ዘግቶ ጠበቃት። አባቷ እንዴት ማየት እንዳለባት ነግሯት ነበር፦ «እነሱ ወደ መስኮት አዙረው ያያሉ። ዓሣ እንዲያ አያይም። ከሥር ሆነሽ፣ ብርሃኑን ከጎን አድርገሽ እዪው።» ስለዚህ ብልቃጡን የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና፣ ወገቧን እየረገመች፣ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባዋ ተንጋለለች። ኃላፊው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ባትሪውን ከጎን አበራ።

አየች። ጥርት ያለ ውሃ ነው። ከዳር እስከ ዳር ፈለገች፤ ክንፍ፣ ዓይን፣ ጅራት፣ ምንም የለም። ደግማ አየች። አርባ ዓመት በሰው አፍ የኖረው አባቷ ለካስ እውነትም ተሳስቶ ነበር።

«እትዬ?» አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ።

«ባ...» አለች፤ ቃሉ ግን አልወጣ አላት። «እስኪ ትንሽ ያዘንብሉልኝ።»

ኃላፊው ብልቃጡን ወደ ጎን አዘነበለ። የበለጠ አዘነበለ። ከዚያ እጁ ቆመ።

ብልቃጥ ሲያዘነብል ውሃው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ይህኛው ግን አልሸሸም። ላዩ ከብልቃጡ ጋር አብሮ አዘነበለ። ፈሳሹ አልተናጠም፣ አልተንቀሳቀሰም።

በዚህ ጊዜ ገባት። ሦስቱም ሰዎች ውሃው ውስጥ ያለውን እንስሳ ነበር የፈለጉት፤ እሷም እንደዚያው። ብልቃጡ ውስጥ ግን ውሃ አልነበረም። ከሥር እስከ አንገቱ የሞላው እሱ ራሱ ነበር፤ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ፣ እንደ ውሃ ጠርቶ፣ ለራሱም ቦታ አጥቶ። ባትሪው ሲንቀሳቀስ ስምንት ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ከላይ እስከ ታች ተራ በተራ አበሩ። ሳታስበው መዳፏን በመስታወቱ ሥር ለጠፈች። መስመሮቹ ታጠፉና በአምስቱ ጣቶቿ ልክ መጥተው ቆሙ።

ኃላፊው ብልቃጡን ቀስ ብሎ አቀናና አስቀመጠው። እሷ ከወለሉ ተነሣች፤ እስክሪብቶ አወጣች፤ «ባዶ» የሚለውን ቃል ሠርዛ ከጎኑ «ሙሉ» ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ፊርማ ቦታ ላይ የገዛ ስሟን አልጻፈችም። «የልጋጉ ልጅ» ብላ ፈረመች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ስም ኮራች። እንባዋንም አልከለከለችውም።

«ስሙ በትልቁ ይጻፋል» አለ ኃላፊው። «የመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ አደርገዋለሁ። አንድ እንዲህ ያለ ነገር...»

ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። እሷም ቀና ብላ አየችው። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ አንድ አይደለም፣ አርባ ነው።

ወደ ላቦራቶሪው ሮጡ። በሩ ላይ ጽዳት ሠራተኛዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ቧንቧውን በሽቦ ልጎረጉረው ብዬ ነው» አለች። «ሽቦውን ያዘብኝ። ስስብ፣ እሱም ይስባል።»

ሲንኩ እስከ አፍ ገደፉ ጥርት ባለ ነገር ሞልቷል። ሽቦው መካከሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከጎኑ የተደፉት ሦስት ብልቃጦች ተገልብጠዋል፤ ወረቀታቸው ገና አልተላጠም። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። በእያንዳንዱ ሥር ሦስተኛው ፊርማ የአባቷ ነው፤ የተጣመመችው፣ ጽሕፈት በቅጡ ያልተማረ ሰው ፊርማ።

ከምድር ቤት፣ ቁልፍ ካለው የእንጨት ሣጥን በኩል፣ መስታወት ሲሰነጠቅ ተሰማ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

«አባባ» አለች፣ ፊርማውን በጣቷ እየነካች፣ «የፈረምክባቸው ይቅር ይበሉህ።»