ሙሽሪትን የላጨ ሰው

ጋሽ ቀደዳ ፀጉር አስተካካይ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩ ጎድሎ ጆሮው ሞልቶ ነበር የሚነሳው። ከሁሉ አብልጦ የሚቀደው ግን ስለ ጓሮው ቁጥቋጦ ነበር። ድመታችን የቁጥቋጦዋ ቅርንጫፍ ላይ ጋደም ብላ ስትነቃ ራሷን ጣሪያ ላይ አገኘችው፤ የቁጥቋጦዋ እድገት እንዲህ ነው፤ ይል ነበር። ሱቁ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሚስቱ በጓሮው መስኮት ብቅ ብላ "ቀንስ እንጂ" ትለዋለች። እሱም ድመቷን ከጣሪያ ወደ አጥር ያወርዳታል።

ቁጥቋጦዋ የሚስቱ ነበረች። ከእናቷ ግቢ ቅርንጫፍ ቆርጣ አምጥታ ነው የተከለቻት። በጋው ገና ሲገባ ከላይ እስከ ታች ባንዴ ነጭ ስለምትለብስ "ሙሽሪት" ብላ ጠራቻት።

ሚስቱ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ቀደዳ ደነዘዘ። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ ተወግቶ መንጋጋው የት እንዳለ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር፤ የእሱ ድንዛዜ ግን ሳይለቅ ከረመ። አንድ ጠዋት ሲላጭ አገጩን ቆርጦ፣ እየደማ መሆኑን የነገረው ደንበኛ ነው። ወሬውም ነጠፈ። ሰዉ ዝም ብሎ ይገባል፣ ዝም ብሎ ይቆረጣል፣ አንገቱን አራግፎ ይሄዳል።

እጁ ግን ሥራ መፍታት አይወድም። ከቀብሩ በኋላ በአንዱ እሁድ መቀሱን ይዞ ጓሮ ወጣ። ሙሽሪት ተንጨባራ ቆማለች። እንደ ማንኛውም የተንጨባረረ ራስ ዙሪያዋን አሳጠረ፣ አናቷን አስተካከለ፣ ከኋላዋ ደረጃ አወጣላት። መስታወት ይዞ ማጅራቷን ማሳየት ብቻ ነው የቀረው። የወደቀውን ጠርጎ ጣለና ገባ።

በጋው መጣ። የጎረቤት ጽጌረዳ አጥር ዘሎ እዚህ ድረስ አበበ። ጃስሚኑ በየመንገዱ ሸተተ። ሙሽሪት ቅጠል ብቻ ሆነች፤ ለመድኃኒት እንኳ አንዲት እምቡጥ የላትም።

ይህን ጊዜ አማቱ ቅዳሜ እመጣለሁ ብለው ላኩበት። እኚህ ሴትዮ ከለቅሶው በኋላ ሲሰነባበቱ "የልጄን ተክል ብታደርቅብኝ ነቅዬ እወስዳታለሁ" ብለውታል፤ ያሉትንም የማያደርጉ ሰው አይደሉም። ሙሽሪት ከሄደች ሚስቱ የተከለችው ነገር በዚያ ግቢ አይኖርም። ጋሽ ቀደዳ ይህን ሲያስብ ልቡ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ብቻ እንዳይወስዷት ፈለገ።

አርብ ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ለደንበኛ አንገት የሚጠመጠመውን ነጭ ስስ ወረቀት እየቀደደ፣ እያጠፈ፣ በክር እየቋጠረ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ። ወረቀቱ ሲያልቅ ሙሽሪት ነጭ ለብሳለች። የአማቱ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ወንበራቸውን ራቅ አድርጎ አኖረላቸው።

ቅዳሜ ቀን መጥተው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ዘንድሮስ አበባዋ በዝቷል" አሉ።

"ኧረ እማማ፣ ንቦቹ ተሰልፈው በተራ ነው የሚገቡት።"

"ታዲያ የታሉ?"

"ምሳ ወጥተው ነው።"

አማቱ ሳይስቁ እጃቸውን ዘረጉ። ደግፎ አስነሳቸው። ተጠግተው አሸተቱ።

"አንተ፣ ይሄ አበባ ኮሎኝ ተቀብቷል።"

አንዷን በጥሰው ክሩን ፈቱና ወረቀቱን መዳፋቸው ላይ ዘረጉት። ጋሽ ቀደዳ ውሸት ፈለገ፤ ዕድሜ ልኩን ቤቱ ሞልቶ የኖረ ውሸት አንድም አልተገኘ። መቼ እንደቆረጣት ጠየቁት፤ ክረምቱ ሳይወጣ አለ። ለምን ሲሉትም ረዝማ ነበር አለ። አማቱ ቅርንጫፉን በጣታቸው ዳበሱ።

"እሷ የምታብበው ዓምና ባደገው እንጨት ላይ ነው፣ ልጄ። የዘንድሮውን አበባ ሳይፈነዳ ላጨኸው።"

"እንግዲህ ይወስዷታል?"

"ደርቃለች እንዴ? ተላጨች እንጂ። መቀሱን አምጣ።"

አመጣ። አማቱ በመሐረባቸው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"እማማ፣ የምሠራበት እኮ ነው።"

"የሠራህበትንማ አየሁት። ከርሞ ስታብብ መጥተህ ትወስዳለህ። እስከዚያ በምንም ነገር አትንካት።"

ሲወጡ የወረቀቷን አበባ አልጣሏትም፤ መልሰው አጣጥፈው ያዟት።

ሰኞ ጋሽ ቀደዳ በቶንዶዝ ማሽን ብቻ ይሠራ ጀመር። ሌላ መቀስ መግዛት ይችል ነበር፤ አልገዛም። ወንበሩ ላይ የነበረው ሹፌር፣ ከድሮ ደንበኞቹ አንዱ፣ በመስታወቱ አየውና መቀሱ የት ገባ አለው።

"አማቴ ወሰዱት።"

"ምን ሊያደርጉት?"

"አበባ እንዳልላጭ።"

ሹፌሩ አንገቱ ላይ የታሰረው ጨርቅ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ተራ የሚጠብቁትም ሳቁ። ጋሽ ቀደዳ ዳነ አሉ፤ ሰውየው ቀደዳው ተመለሰለት አሉ።

"ኧረ ቀንስ እንጂ፣ ጋሽ ቀደዳ" አለ ሹፌሩ ዓይኑን እየጠረገ።

ጋሽ ቀደዳ ወደ ጓሮው መስኮት ዞረ። ከመስኮቱ ወዲያ ሙሽሪት የተረፈ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። እንደ ልማዱ ትንሽ ሊቀንስ ሞከረ፤ ከተናገረው ላይ የሚቀነስ አጣ። ቶንዶዙን አስነሳና የሹፌሩን ራስ ወደ ፊት ጎንበስ አደረገው።