ፊቱን የዞረው የፀሐይ ሰዓት

ፊልም ላይ የፀሐይ ሰዓት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሠላሳ አንድ ዓመት አሰላ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ ጥላ መቼ የት እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ፊልም ሠሪዎች ግን አያውቁም። ሰውየው ፈረሱን ጭኖ፣ ተሰናብቶ፣ አገር አቋርጦ ሲመለስ ጥላው ያው ሦስት ሰዓት ላይ ተገትሮ ይጠብቀዋል። ባለቤቴ ዘይቱና ገና ድንጋዩ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ሲል "በሉ፣ የአባ ሲፈን ዘመድ መጣ" ትልና ድምፁን ትቀንሳለች፤ የእኔን ጩኸት ለመስማት መሆኑ ነው። ሲፈን ልጃችን ናት።

ጡረታ ስወጣ የራሴን ሠራሁ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከዲክሲስ አስመጣሁና ግቢያችን መሃል ወገብ በሚደርስ ግንብ ላይ አስቀመጥኩት፤ መሃሉ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን አንድ ቀጭን ብረት ተከልኩ። በሰሜን በኩል ቀና ያደረግኩት ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው፤ አሰላ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ያን ያህል ነውና። እንደ ፈረንጆቹ ሽቅብ የተገተረ ነገር የለውም። ቁጥሮቹንም በእኛ አቆጣጠር ቀረጽኩ፤ እኩለ ቀን ላይ ስድስት። ዘይቱና አየት አየት አደረገችውና "ለገብስ ማስጫ ይሆናል" አለች። ሆነም። እሷ ገብሷን ታሰጣበታለች፤ እኔ ሰዓት ለማየት ስመጣ በመዳፏ ጠረግ ታደርግና "እንካ ሰዓትህን" ትለኛለች።

አምና ጥቅምት ላይ ነህምያ የሚባል ወጣት ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጣ። በጣሊያን ጊዜ አርሲ ውስጥ ስለኖረ አንድ ሐኪም ፊልም ይሠራል፤ የፀሐይ ሰዓት ያለበት ግቢ ሲያጠያይቅ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመው። እኔም ደስታዬን ዋጥ አደረግኩት። ከመሞቴ በፊት የማይዋሽ የፀሐይ ሰዓት ያለበት አንድ ፊልም ማየት እፈልግ ነበር፤ ያውም የራሴ ሰዓት!

ነህምያ ድንጋዩን ዞሮ ዞሮ አየው።

"ቲቸር፣ አግዳሚ ወንበር እኮ ነው የሚመስለው። ደግሞ ስድስቱ ቦታ ላይ አስራ ሁለት መሆን አልነበረበትም? ፊልም ላይ..."

"ፊልም ላይ! በእኛ አገር በአስራ ሁለት ሰዓት ፀሐይዋ ራሷ የለችም" አልኩት።

ሳቀ። እንዳለ ይቀረጽ ተባባልን።

ቀረጻው ለጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ጄነሬተር የጫነው መኪና ግን ዴራ ላይ ጎማው ፈንድቶ ግማሽ ቀን ጎሚስታ ቤት ዋለ። ግቢያችን የደረሱት ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ሐኪሙ ጠዋት ተነስቶ ሰዓት የሚያይበትን ቦታ ከሰዓት በኋላ ሊቀርጹት ሆነ፤ ጥላው ደግሞ ወደ ምሥራቅ ተሻግሯል።

"ቀላል ነው ቲቸር" አለ ነህምያ። "ድንጋዩን ፊቱን ብናዞረው ጠዋት ይሆናል።"

እውነቱን ነው፣ ይሆናል። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

"የእኔ ድንጋይ አይዋሽም።"

"ለአንድ ሰዓት ብቻ ይፍቀዱልን፤ ከዚያ እንመልሰዋለን።"

"አይነካም!" ብዬ ቤት ገባሁ፤ በሩን ዘጋሁ፤ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ትንሽ ቆይታ ዘይቱና አንኳኳች። "አባ ሲፈን፣ ልጆቹ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ? እንግዳ እኮ ናቸው" አለችኝ። በሩን አልከፈትኩላትም። ከዚያ ሰዎቹ "አንሳ! አንሳ!" ሲባባሉ ሰማሁ፤ ፈቅዳላቸዋለች ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ከግቢው መሃል "ኮቱ! ኢላሊ!" ብላ ጠራችኝ፤ ና፣ እይ ማለቷ ነው። ሬዲዮው እየጮኸም ሰማኋት። አልወጣሁም።

ከመሄዳቸው በፊት ድንጋዩን መለሱት፤ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ጠብቄ አስተካከልኩት። ዘይቱናን ግን አስራ አንድ ቀን አኮረፍኳት። በሁለተኛው ቀን ምሳ እያቀረበች "ያን ዕለት እኮ ነህምያ እኔን..." ስትል እጄን አነሳሁ። "ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል እንዳትነግሪኝ!" እሺ አለች፤ ዳግመኛም አላነሳችውም። በአስራ ሁለተኛው ቀን ታረቅን። ማን እንደጀመረ አላስታውስም፤ ገብሱ ላይ ዝናብ መጥቶ አብረን ስናፍስ ይመስለኛል። መጋቢት ላይ ታመመች፤ ሳምንት እንኳ አልቆየችም። አላህ ይርሐማት።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ፊልሙ አሰላ ታየ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ሲፈን ጎትታ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ከእንቅልፉ ይነሳና በመስኮት ይመለከታል። ቀጥሎ የእኔ ድንጋይ መጣ፤ ብረቱ፣ ቁጥሮቹ፣ ስድስቷ። ላዩ ላይ ገብስ ተሰጥቷል። አንድ እጅ መጣና ገብሱን ጠረግ አደረገው። ፊቷ ሳይታይ በፊት እጇን አወቅሁት።

ሲፈን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ዘይቱና የሐኪሙ ሠራተኛ ሆናለች፤ ግን የዒድ ሻሿን ነው ያደረገችው፤ አውልቂ ቢሏት እንቢ ብላ ይሆናል። ጠርጋ ስታበቃ ቀና ብላ ወደ ግራ አየች፤ ፈገግ አለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሙዚቃ ስለጫኑበት ድምጿ አይሰማም። አዳራሹ ሐኪሙን የምትጠራ መስሎታል። በግራ በኩል ያለው ግን የእኛ ቤት በር ነው።

ጥላውን አየሁት። ለሦስት ሃያ ጉዳይ ይላል፤ ፊልሙ ጠዋት ነው። እኔ ግን ድንጋዩ መዞሩን ስለማውቅ ስድስት ላይ አጥፌ ወደ ማዶ ቆጠርኩት፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። በዚያች ሰዓት ሬዲዮ እያስጮህኩ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው። ስለ ድንጋዩ እውነት ስሟገት እሷን ሳላያት ቀረሁ። እዚያው ሰው መሃል አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

አሁን ገብሱን የማሰጣው እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ቤት እገባና ሬዲዮ እከፍታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሲሆን አጠፋዋለሁ፤ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፤ ድንጋዩ ጋ ሄጄ ገብሱን በመዳፌ ጠረግ አደርገዋለሁ።

"መጣሁ" እላታለሁ።