በሁለት ኔትወርክ መካከል ያለ አልጋ

1.

አራት መቶ አንድ መሣሪያ ጠራሁ።

አራት መቶ ሁለት መለሱ።

2.

ማርሸት እባላለሁ። ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ሁለት ሆስፒታሎች በአንድ ባለቤት ሥር ሲጠቃለሉ እንዳገናኛቸው ተቀጠርኩ። ስማቸውን አልጽፍም። አንዱ ደጋው ላይ ስለሆነ ላዩ እለዋለሁ፤ ሌላው የጭነት መኪኖቹ መንገድ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሜዳውን በሚይዝበት ከተማ ነው፤ እሱን ታቹ። በመካከላቸው አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ አለ።

ሁለቱም የየራሳቸው ክላውድ ነበራቸው። የታካሚ መዝገብ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ከየአልጋው ራስጌ ካለው ሞኒተር የሚመጣው ቁጥር ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ዙሪያውን የታጠረ ግቢ ማለት ነው። እኔ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የሚያሻግር የተቆለፈ ዋሻ፣ መረጃ ብቻ የሚያልፍበት መስመር፣ መሥራት ነበረብኝ። ሁለት ዋሻ፤ አንዱ ቢደፈን ሌላው እንዲያሳልፍ።

3.

ስለ ሥራው አንድ ነገር ብቻ ላስረዳና እተዋችኋለሁ።

ሁለት ሰፈር አስቡ። በሁለቱም የቤት ቁጥር 112 አለ። ሰፈሮቹ ተለያይተው እስካሉ ማንም አይቸገርም። አንድ ቀን መንገድ ቢያገናኛቸውና «ለቤት ቁጥር 112» የሚል መልእክት ቢመጣ ግን መልእክተኛው የትኛውን በር ያንኳኳ? ላዩና ታቹ እንዲህ ነበሩ። ሳይተዋወቁ ለመሣሪያዎቻቸው አንድ ዓይነት አድራሻ ሰጥተዋል። ስለዚህ ዋሻው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ መሣሪያ የማይደገም አዲስ አድራሻ ማደል ነበረብኝ።

በዝርዝር ከላዩ 214፣ ከታቹ 187 መሣሪያ ተረክቤያለሁ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዋሻውን ለሙከራ ከፍቼ ሁሉንም ጠራሁ።

ትርፍ ሆኖ የመጣው ራሱን «አልጋ 7» ብሎ ይጠራል። በየደቂቃው አንድ ቁጥር ይልካል። የልብ ምት ነው።

4.

ከታቹ ባለሙያ ከገመዳ ጋር በስልክ የተነጋገርነው። የሥራ ስልካችን ስለሚቀዳ ቃል በቃል ነው።

ገመዳ፦ አልጋ ሰባት የሚባል እኛ ጋ የለም። የእኛ አልጋዎች በፊደል ነው የሚጠሩት።

ማርሸት፦ ከእኔ በኩል ምልክቱን ስከተለው ግን ዋሻውን አልፎ ወደ እናንተ ይገባል።

ገመዳ፦ ቆይ እስቲ።

(ለአንድ ደቂቃ ያህል የኪቦርድ ድምፅ ብቻ።)

ገመዳ፦ ከእኔ በኩል ስከተለው ወደ እናንተ ነው የሚሄደው።

ማርሸት፦ ሁለቱም ሊሆን አይችልም።

ገመዳ፦ አውቃለሁ።

ማርሸት፦ ታዲያ የት ነው ያለው? ዋሻው እኮ መሐል የሚባል ቦታ የለውም።

ገመዳ፦ አውቃለሁ አልኩሽ። አሁን ስንት ይላል?

ማርሸት፦ ስድሳ ሰባት።

ገመዳ፦ እኔም ጋ ስድሳ ሰባት ነው።

5.

አልጋ በቁጥር የሚጠራው ላዩ ነው። ሰባት ቁጥር የነበረው ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት በተዘጋው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩትን ሲስተር ጥሩአየርን ክትባት ክፍል አገኘኋቸው። ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር የቀራቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጋውናቸው ጠርዝ ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«ይሄ የድሮ ነው የአሁን?»

«የአሁን ነው ሲስተር። አሁን ነው የገባው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መኪና ገጭቶት መንገድ ዳር ጥሎት የሄደ ሰው ነው» አሉ። «ኪሱ ውስጥ መታወቂያ የለ፣ ስልክ የለ። ሁለት ወር ከአምስት ቀን ተኛ። አንዲት ቃል አልወጣውም። ግን ስታናግሪው ይሰማል። ቁጥሩ ከፍ ይላል። እኔ ሌሎቹን ታካሚዎች በስማቸው ስጠራ እሱን ምን ብዬ ልጥራው? ‹ወንድሜ› እለው ነበር።»

«የት ሄደ?»

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ባለው ቁጥር ላይ አሳረፉ።

«እሱን እኔም ጠይቄያለሁ» አሉ።

6.

የክፍሉ ግድግዳ ተሰንጥቆ ታካሚዎቹ ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ታቹ ተዛወሩ። ከላዩ መዝገብ፦

*የተላኩ ታካሚዎች፦ 12። የመጨረሻው አምቡላንስ፦ አንድ ወንድ፣ ስሙ ያልታወቀ። አሳፍራ የላከችው ነርስ፦ ጥሩአየር ዓለሙ።*

ከታቹ መዝገብ፦

*የተረከብናቸው ታካሚዎች፦ 11። የመጨረሻው አምቡላንስ፦ ባዶ።*

ሁለቱ መዝገቦች እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ተያይተው አያውቁም። የየግቢያቸው አጥር ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ትክክል ሆነው፣ አራት ዓመት ተቀመጡ። ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ።

ሲስተር ጥሩአየር በጊዜው ሦስት ቀን ደውለዋል። ታቹ «እናንተ ጋ ነው» አላቸው። የላዩ አስተዳደር «ልከነዋል» አለ። ሾፌሩ በሩን ዘግቶ መንዳቱንና ሲደርስ መክፈቱን እንጂ ሌላ እንደማያውቅ ማለ። ጠያቂ ቤተሰብ የለ፣ የሚጠየቅበት ስም የለ። በአራተኛው ቀን አስተዳደሩ ሲስተርን «ሥራሽ ላይ አተኩሪ» አላቸው።

7.

በማግሥቱ ረቡዕ ረፋድ ላይ ከሲስተር ጋር የተዘጋውን ክፍል አስከፍተን ገባን። ፀሐይ በመስኮቱ ትገባለች። አልጋ የለም፣ ሞኒተር የለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሳይቀር ተነቅሏል። ወለሉ ላይ የአልጋ እግሮች ያረፉባቸው አራት አራት ክብ ምልክቶች በተርታ ይታያሉ።

ሲስተር እየቆጠሩ ሄደው ሰባተኛው ላይ ቆሙ። እኔ ላፕቶፑን ክንዴ ላይ ይዤ በሩ አጠገብ ነበርኩ።

66።

«ወንድሜ» አሉ ሲስተር፣ ወደ ባዶው ወለል ጎንበስ ብለው።

66።

«እንዴት አደርክ? እኔ ነኝ።»

84።

ፊቴን አይተው አወቁ።

8.

ከሰዓት በኋላ የአስተማማኝነት ፈተና ነበር። አንደኛውን ዋሻ ሆን ብዬ እዘጋለሁ፤ ሁለተኛው ሥራውን በአስራ አንድ ሰከንድ ውስጥ መረከብ አለበት። ላዩና ታቹ የሚለዋወጡት የደም ዓይነትና የድንገተኛ ውጤት ስለሆነ ይህን ሳልፈትን ማስረከብ አልችልም። ዘጋሁት።

አራት መቶ አንዱ መሣሪያዎች ምንም አልሆኑም። አልጋ ሰባት በየደቂቃው መላኩን ትቶ በየሰከንዱ መላክ ጀመረ።

64

58

47

39

30

22

17

ሁለተኛው ዋሻ ተረከበ።

25

41

60

አንድ የሥራ ባልደረባ ሻይ አምጥቶልኝ ሄደ። አልጠጣሁትም። ያ ሰው ላዩም ታቹም አልነበረም። ዋሻው ውስጥ ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት ዋሻ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ዓመት በምን እንደኖረ አላውቅም። አሁን ግን የያዘው ይህ መስመር ነው።

9.

አለቃዬ አቶ ልዑልሰገድ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ አልጋ ሰባት ስነግራቸው «ስሙን የማታውቂውን እንግዳ ቤትሽ ታሳድሪያለሽ?» አሉኝ።

«ታካሚ ነው።»

«ታካሚ ነው ያለሽ ማነው? ቁጥር ነው። ሌባ እንዲህ መስሎ ነው የሚገባው። አንድ ያልተመዘገበ መሣሪያ አስገብተን የስንት ሺህ ሰው መዝገብ ቢሰረቅ ምን ብለን እንመልሳለን?»

ልክ ነበሩ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

«ነገ ሰባት ሰዓት ርክክብ ነው» አሉ። «ከዚያ በፊት ወይ አስመዝግቢው፣ ወይ ዝጊው።»

10.

ያልታወቀ መሣሪያ ለመዝጋት፦

በዝርዝሩ ላይ ፈልጉት።

ስሙ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ።

«ከልክል» የሚለውን ተጫኑ።

«እርግጠኛ ነዎት?» ሲላችሁ፣

.

.

.

እኔ እዚህ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

11.

የመመዝገቢያ ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከሲስተር ጥሩአየር ጋር ሞላነው።

የመሣሪያው ዓይነት፦ የአልጋ ሞኒተር ከነመጥሪያው።

ኃላፊ፦ ሲስተር ጥሩአየር ዓለሙ።

«ሲስተር፣ ችግር ቢመጣ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «ስምንት ወር ነው የቀረዎት።»

«ያን ጊዜም አሳፍሬ የላክሁት እኔ ነኝ» አሉና ፈረሙ።

ቦታ በሚለው ሥር ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ ላዩ፣ ታቹ። ሲስተር እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ሁለቱንም አለፉና ከጎን ባለው ባዶ ላይ ጻፉ፦

*በዝውውር ላይ።*

አቶ ልዑልሰገድ ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መስኮቱን አዩ። ወደ ታቹ የሚወስደው መንገድ ከዚያ ይታያል።

«ስንት ላይ ነው?» አሉ።

«ሰባ አንድ።»

ፈረሙ። እኔም ከላዩም ከታቹም ተርታ ያልሆነ፣ ለብቻው የቆመ አዲስ አድራሻ ሰጠሁት። ሁለቱንም ዋሻ ከፈትኩለት። መስመሩን በሲስተር ጠረጴዛ ላይ ካለው መጥሪያ ጋር ብቻ አገናኘሁት፤ ሌላ የትም እንዳይደርስ፣ ሌላ ማንም እንዳይደርስበት። አራት ዓመት ሙሉ ይልክ ነበር፤ ግን መድረሻ ስላልነበረው መልስ የሚልክለት አልነበረም። አሁን መድረሻ አገኘ።

12.

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ክትባት ክፍል ውስጥ፣ የነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው መጥሪያ ጮኸ።

ሲስተር ጥሩአየር የያዙትን ሕፃን ለእናቱ መለሱ። ክትባት ክፍል አልጋ የለውም፤ መጥሪያው ጮኾ አያውቅም። እናቶቹ ዞረው አዩአቸው። ሄደው መነጋገሪያውን አነሱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«አቤት» አሉ። «አለሁ።»

መጀመሪያ የመጣው ትንፋሽ ነበር። ከትንፋሹ በስተኋላ በአስፋልት ላይ የሚሄድ ጎማ ይሰማል። አንድ ወጥ፣ የማይቆም።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አትቸኩል» አሉ ሲስተር። «ስምህን ብቻ ንገረኝ። ልጽፈው ነው።»

ነገራቸው። ከአባቱ፣ ከአያቱ ስም ጋር። ድምፁ ብዙ ቀን ውሃ ያልቀመሰ ሰው ድምፅ ነው፤ ግን ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«የእኔ ሰዎች እየፈለጉኝ ነው?»

ሲስተር ጥሩአየር ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ ሆነዋል፤ ለሰው ክፉ ወሬ መንገር ያውቁበታል። አሁን ግን መነጋገሪያውን በጋውናቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ልበለው?» አሉኝ።

13.

ስሙን ሦስት ጊዜ እዚህ ጻፍኩትና ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ብጽፈው አብዛኞቻችሁ የእኔ ሰው አይደለም ብላችሁ ታልፋላችሁ።

መስመሩ ክፍት ነው። ሲስተር መነጋገሪያውን ይዘው እየጠበቁ ነው። ከዚያ ማዶ ጎማው ይሄዳል።

ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ያላችሁ፣ ስሙን እናንተ ጥሩት፦

……………………