የአማቱ አምፕሊፋየር

የስፌት መኪና ጠጋኙ ለበሽታ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው፤ ዘይት። በሩ ሲጢጥ አለ? ዘይት። ጃንጥላው አልዘረጋ አለ? ዘይት። ሚስቱ ጉልበቴን አመመኝ ባለች ቀን እንኳ ዓይኑ ወደ ዘይት ጠርሙሱ ሲሄድ አይታ፣ "ሞክራትና እንተያያለን!" ብላዋለች። ምን ያድርግ? ሃያ ዓመት ሙሉ ስንቱ መኪና በሁለት ጠብታ ሲድን አይቷል።

እጁን እንዳያሳርፍበት የተከለከለው የአማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ ዕቃ ብቻ ነው። ልጃቸውን ካገባ አምስት ዓመቱ፣ አንድ ቀን "እስቲ ይህቺን እያት" ብለውት አያውቁም። አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ሲወጣ እንኳ፣ "ተው፣ ግድ የለህም፣ ባለሙያ እንጠራለን" ይሉታል። ባለሙያ! እሱስ ምንድን ነው ታዲያ? ለሰው አይናገረውም እንጂ ነገሩ ያንገበግበዋል። እናም ቤታቸው ቀለም ሲቀባ፣ የጎረምሳነት ዘመናቸውን አምፕሊፋየር ከነሁለት ስፒከሩ አምጥተው "እስከ ቅዳሜ እናንተ ጋ ይቀመጥ" ሲሉ ደስታው ሌላ ነበር። "አደራ፣" አሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ "የድምፁን ቁልፍ ማንም እንዳይነካ! ካለበት ንቅንቅ እንዳይል!"

እስከ ዓርብ ቻለ። ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ገበያ ስትወጣ እጁን በላው። ትንሽ ላዳምጥ ብሎ ከፈተው፤ ድምፁ አነሰበት፤ ያንን ትልቅ ክብ ቁልፍ በሁለት ጣቱ ለስለስ አድርጎ አዞረው። ክርርር! ስፒከሮቹ በጠጠር ላይ እንደሚጎተት ወንበር ጮኹ፤ የግራው ጭራሽ ዝም አለ። ወዲያ ቢያዞር ክርር፣ ወዲህ ቢያዞር ክርር።

ሌላ ሰው ቢሆን ሶኬቱን ነቅሎ እጁን ይሰበስብ ነበር። የእኛ ሰውዬ ሶኬቱን ነቅሎ ካቻቪቴውን አመጣ። ክዳኑን ፈታ። የቁልፉን ዘንግ ተከትሎ ዘንጉ የሚገባበትን ክብ ቆርቆሮ አገኘ። "አሃ፣ ደርቀሃል!" አለ ደስ ብሎት። ሁለት ጠብታ። ለማንኛውም ብሎ አራት ደገመ። ገጣጥሞ ሲከፍተው የቀኙም ዝም አለ።

ሚስቱ ከበር እንደገባች ፊቱን አየች፣ አምፕሊፋየሩን አየች፣ ጠርሙሱን አየች። "ዘይት አላደረግኩበትም በለኝ።" ጠርሙሱን ከጀርባው ሸሸገ። ዘንቢሏን አስቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ግን ሳቁ አመለጣት። "ሰውዬ፣ አባዬ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል! ምን ትጠብቃለህ?"

ያንን ከባድ ዕቃ ታቅፎ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ ሁለት መንገድ አቋርጦ የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ደረሰ። ቁጡ ሴት ናት። ክዳኑን ከፍታ አንዴ አየችና፣ "ይኼን ዘይት ያፈሰሰው ማነው?" አለች።

"እኔ።"

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"የስፌት መኪና እጠግናለሁ።"

"ያስታውቃል! እዚህ ውስጥ ይኼ ጥቁር መንገድ አለ፤ ይህቺ የብረት ምላስ እየነካችው ትሄዳለች። ካልተነካኩ ድምፅ የለም። አንተ በመሃላቸው ዘይት አስተኛህበት።"

ቆርቆሮውን ፈልቅቃ በአልኮል ባራሰችው ጥጥ ስትጠርግ እጇ ቆም አለ። "የላይኛው ያንተ ነው። ሥር ያለው ግን የከረመ ነው፤ አቧራ ጠጥቶ ሙጫ ሆኗል። ሲንኮሻኮሽ የኖረው በዚህ ነው። እስቲ አሽትተው።" አሸተተ። ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚል የፀጉር ቅባት! ይኼን ሽታ በደንብ ያውቀዋል፤ አማቱ ቤት በር ላይ ነው የሚቀበለው። ወይ ጉድ!

ጠረገችለት፣ ማጽጃ ነፋችበት፣ ቁልፉን ሃምሳ ጊዜ ራሱን አስዞረችው። ከሱቁ ስፒከሮች ጋር አገናኝታ ስትከፍተው ሁለቱም ኩልል ብለው ዘፈኑ። ሊያቅፋት ምንም አልቀረው።

አማትየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከች አሉ። ሰላምታውን ሳይጨርሱ፣ "ቁልፉ ዞሯል" አሉ። ሚስቱ ኮርኒሱን ማየት ጀመረች። የፀጉር ቅባቱ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ ነጻ ነው። ግን ሽማግሌውን ቀና ብሎ ሲያያቸው አሳዘኑት፤ ዋጥ አደረገው።

"እኔ ነኝ፣ አባባ። ነካሁት፣ ተንኮሻኮሸ። ዘይት አደረግኩበትና ጭራሽ ገደልኩት። ከዚያ ወስጄ አሠራሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከፈቱት፤ ቁልፉን ከታች እስከ ላይ አዞሩት። ኮሽ አላለም። መለሱት፤ ደግመው አዞሩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ውስጡ... ሌላ ነገር አላገኛችሁም?"

"ምንም፣ አባባ።"

"ምንም የሚሸት ነገር?"

ጠጋኙ ወለሉን አየ። "ትንሽ ጽጌረዳ ቢጤ።"

ሽማግሌው ሳቃቸው በሳል እስኪታፈን ሳቁ። "የእናታችሁ ቅባት ነው! ድፍን ሰባት ዓመት! ተንኮሻኮሸብኝና ጠብ አደረግኩበት፤ ባሰበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር የሚሠራው። እንዳትሰማብኝ ብዬ፣ አትንኩ አትንኩ እያልኩ ኖርኩ!"

"አባዬ! ስንቴ ጮኸህብኛል በዚህ ቁልፍ!" አለች ልጃቸው።

"ጮኼብሻለሁ፤ ምን ላድርግ፣ አፈርኩ!" ዓይናቸውን ጠራርገው ወደ አማቻቸው ዞሩ። "እኔ ሰባት ዓመት የደበቅኩትን አንተ አንድ ከሰዓት እንኳ ደብቀህ መቆየት አልቻልክም። በል ተነስ፣ የሥራ ዕቃህን ያዝ።"

"የት ልንሄድ፣ አባባ?"

"እኛ ቤት ነዋ። የእናታችሁ ስፌት መኪና ከቆመ ሦስት ዓመቱ።"

ሦስት ዓመት! በየወሩ ምሳ በሚበላበት ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ የተኛ ስፌት መኪና አለ፤ ለእሱ ትንፍሽ ያለ የለም! ሌላ ቀን ቢሆን ሆድ ይብሰው ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ምን ሆነ? ክር ይበጥሳል? መርፌ ይሰብራል? ወይስ ጭራሽ አይዞርም?" እያለ፣ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር፣ ዕቃውን አንጠልጥሎ ደረጃውን ወረደ።

"ቀስ በል ልጄ፣" አሉት አማቱ ከኋላ እየተከተሉ፣ "እኔ ምን አውቄ፤ አንተ ታየዋለህ እንጂ።"