ሸራው የተነሳበት ጉድጓድ

ሳኪዩሳ እምቢ ማለት አያውቅም። ራ በሚባለው የደሴት አውራጃ መንደሮች ዘመድ ለምኖ ባዶ እጁን አይመለስምና፣ አጎቱ ቴቪታ ታናሽ ወንድማቸው ሞቶባቸው ለለቅሶው ሸራ ሲጠይቁት፣ ከሚስቱ ከአካኒሲ የመኖ ጉድጓድ ላይ ገፎ ሰጣቸው። ሸራው ተጠቅልሎ እስኪሄድ ድረስ በደግነቱ ደስ ብሎት ነበር።

ጉድጓዱ ውስጥ ላብላብ ከሚባለው ባቄላ መሰል ተክል የተሠራ ገፈራ፣ አየር ሳያገኘው ታፍኖ የሚቦካ መኖ፣ ነበረበት። አካኒሲ ራሷ ዘርታ፣ አጭዳ፣ በፀሐይ አጠውልጋ፣ ከትፋ፣ እንዲቦካ የስኳር ዝቃጩን ሞላሰስ እየረጨች በእግሯ ረግጣ የቀበረችው ነው። የእንስሳት ባለሙያው ላብላብ እንደ በቆሎ ስኳር የለውም፣ አየር ካገኘው ይበሰብሳል ብሎ አስጠንቅቋታል። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ ላሟ ሴኒ ሌላ የምትበላው የለም፤ ካልበላች ደግሞ ወተቷ ይነጥፋል። አጎት ቴቪታ ደግሞ ወተት የሌላት ላም የድግስ ላም ናት ብለው፣ ለሟቹ በመቶኛው ሌሊት ለሚደገሰው ድግስ ዓይናቸውን ጥለውባታል። ሳኪዩሳም ገፈራው ከተበላሸ ሊሰጣቸው ቃል ገባ። እምቢ ማለት አያውቅም ብለናል።

አካኒሲ ከገበያ ስትመለስ ጉድጓዱን ራቁቱን አገኘችው። ሳኪዩሳ አንገቱን ደፍቶ እርግማኑን ጠበቀ።

«ለለቅሶ ነው የሰጠኸው?»

«ለለቅሶ ነው።»

«ለለቅሶ ከሆነ ምን ይባላል። በል ተነስ፣ የሙዝ ቅጠል ቁረጥ።»

የድሮ ሴቶች ለክፉ ቀን የዳቦ ዛፍ ፍሬ በቅጠል ሸፍነው ይቀብሩ እንደነበር ልጅ ሆና ሰምታለች። ቅጠሉን እንዳይቀደድ እሳት ላይ ለብ አድርጋ አለሰለሰችው፤ ደራርባ አልብሳ ጭቃ መረገች፣ ድንጋይ ጫነች። ጭቃው በተሰነጠቀ ቁጥር ሄዳ ትለቀልቀዋለች። ሳኪዩሳ ስንት ዘመን አብሯት ኖሮ ምን ዓይነት ሴት እንዳገባ የገባው ያኔ ነው። አንዲት ክፉ ቃል አለመናገሯ ግን ከእርግማኑ በላይ አንገበገበው።

ድግሱ ሲቃረብ ጉድጓዱ ተከፈተ። ባለሙያው መጣ፤ አጎት ቴቪታም ገመድ ይዘው መጡ። ከላይ ያለው ጠቁሯል። ሳኪዩሳ ዓይኑን ወደ አጎቱ ገመድ ወረወረ። አካኒሲ ጥቁሩን ጠርጋ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና ወርቃማ አረንጓዴ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታው የሚያስጎመጅ መኖ አወጣች። ባለሙያው አሽትቶ፣ በጣቱ ፈትጎ፣ ከእንስሳት እርባታ ጣቢያቸው ገፈራ አያንስም አለ። ሴኒም አፏን ቀብራ ቀና አልል አለች።

አጎት ቴቪታ ላሟን አላዩም። ቆንጥረው አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ።

«የእናቴ የዳቦ ዛፍ ፍሬ ጉድጓድ ሽታ ነው» አሉ። «ከትልቁ አውሎ ነፋስ በኋላ እኔንም ወንድሜንም በሕይወት ያቆየን ይሄ ሽታ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ገመዱን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«ላሟ ትኑር። ለወንድሜ አሳማ አርድለታለሁ።»

ገመዱ ከዓይን ሲርቅ ሳኪዩሳ የሚስቱን ጭቃማ እጅ ያዘ።

«በሸራው ይቅር በይኝ» አላት።

«ይቅርታውን ተወውና ጉድጓዱን ክደን» አለችው። «አንዱ ዘመድ መጥቶ ቅጠሉንም ሳይለምንህ።»